የቢሩክ ሁለተኛ ዓመት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሴፕቴምበር 15፣ 2021

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ ከተማ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረስዎ። ዘመኑ ጉልበትዎን የሚያጸና፣ ጆሮዎንም ትንሽ ከፈት የሚያደርግ ይሁንልን። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ጎሳዬ ትራኩን ይነዳል፣ ልጃችን ሉሉ ትምህርቷን ይዛለች፣ እኔም እዚያው ዳውንታውን ሆስፒታሉ ውስጥ ክሊኒንግ ላይ ነኝ። ስልክ ብደውል "ሃ? ማን?" እየተባባልን ስለምንውል በእጄ ጽፌ ፎቶ አንስቼ ልኬዋለሁ፤ ልጅዎ ፅጌረዳ ስልኳ ላይ ፊደሉን አጉልታ ታሳይዎታለች። ልጅ ማለት እንደ እርስዋ ነው፣ ትባረክ።

ጋሼ፣ የዛሬው ደብዳቤ ጉዳይ አለው። የቢሩክ ነገር ነው። እንደሚያውቁት ልጄ የሚጫወተው እናንተ የምታውቁትን ኳስ አይደለም፤ የአሜሪካኖቹን ነው፣ በእጅ የሚወረወረውን። እሱ ደግሞ ወርዋሪው ነው፤ ኳርተርባክ ይሉታል። ኳሱ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሱ ነው፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነውም እሱ ነው። ሲያሸንፉ የሚመሰገነው እሱ፣ ሲሸነፉም የሚሰደበው እሱ። ከኮሌጅ ወጥቶ በደመወዝ መጫወት ከጀመረ ይሄ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አምና አብዛኛውን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የጨረሰው፤ ዘንድሮ ቦታውን ሰጥተውታል። ውድድሩ ጃንዋሪ ላይ ሲያልቅ አለቆቹ ይወስናሉ። ወይ ዋናው ሆኖ ይቀጥላል፣ ወይ ሌላ አምጥተው እሱን ያሰናብቱታል።

ያለፈው እሑድ የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር። ከቅዳሴ በቀጥታ ክሊቭላንድ አቬኑ ሐምራዊት ሬስቶራንት ገባን፤ ሰው ሁሉ ነጠላውን እንደለበሰ ቲቪው ላይ አፍጥጧል። አያምኑኝም ጋሼ፣ ስለዚህ ጨዋታ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ዳኛ ሆኗል! አንዱ "ቶሎ አይለቅም" ይላል፣ አጠገቡ ያለው "ቶሎ ይለቃል" ይላል። ጎሳዬማ ሲጮህ ውሎ ድምፁ ተዘግቶ፣ ሰኞ አለቃውን በቴክስት ነው ያናገረው። እኔ አላየሁም። ኪችን ገብቼ ከሐምራዊት ጋር ሽንኩርት ስከትፍ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ አንድም ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ኳሱ እጁ ሲገባ ዐይኔን እጨፍናለሁ።

እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የፋብሪካውን የእግር ኳስ ቡድን አሰልጥነዋል። ልጅ አይተው ይሆናል፣ አይሆንም ማለት ያውቃሉ። ለእናቴም የአክስቷ ልጅ ነዎት፣ አይዋሹኝም። ጎሳዬ አባት ነው፣ አይታመንም። ሐምራዊት ቤት ያለው ሰው ደግሞ ዛሬ ያነሳል፣ ነገ ይጥላል። ቪዲዮውን ሉሉ ለፅጌረዳ በቴሌግራም ትልካለች። አይተው እቅጩን ይጻፉልኝ። አይሆንም ካሉም አይሆንም ይበሉኝ፤ አልቀየምም።

አክባሪ ልጅዎ
እናናዬ


ድሬዳዋ
መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለእናናዬ፤

ሰላምታዬ ከእነቤተሰብሽ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ድሬ ይሞቃል፣ እኔም አብሬው እሞቃለሁ። ጆሮዬ ግን እንደተዘጋ ነው፤ ምርቃትሽ ገና መንገድ ላይ መሰለኝ።

ቪዲዮው ደረሰ። የፅጌረዳ ስልክ ላይ ሰዎቹ ጉንዳን አክለው ቢያስቸግሩኝ ጎረቤታችን ጎሚስታው ኑረዲን ጋ ሄድን። ግድግዳ የሚያህል ቲቪ ገዝቷል። ጎማ ሊያስጠግን የመጣው ሁሉ ጎማውን ረስቶ አብሮን ተቀመጠ።

ኧረ አቦ፣ ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው! ትንሽ ይራኮታሉ፣ ከዚያ ቆመው ይመካከራሉ። እንደገና ይራኮታሉ፣ እንደገና ይመካከራሉ። ኑረዲን "ጋሼ፣ ይሄ የቀበሌ ስብሰባ ነው እንጂ ኳስ አይደለም" አለ። ኳሷም ኳስ አትባል፣ ፓፓያ ናት።

ቢሆንም አዝዘሽኛልና ገምግሜያለሁ። ልጅሽ ኳስ ያባክናል፣ እናናዬ። ጭንቅ ሲመጣበት ማንም ወደሌለበት፣ ወደ ውጭ ይወረውራታል። እኔ ባሰለጥነው ኖሮ ያኔውኑ አስወጥቼ ውሃ ነበር የማስቀዳው። ደግሞ ኳስ ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወደ ኋላ! ጎሉ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ። ይሄም አልበቃ ብሎት ኳሷን ለአንድ አጭር ደንዳና ልጅ አስይዞ ራሱ ቆሞ ያያል። ምን ማለት ነው? ሥራን ለሰው ሰጥቶ ደመወዝ መብላት? ከአሥር አራት ሰጥቼዋለሁ። ኑረዲን ሦስት ነበር ያለው፤ አንዱን ለዝምድና ብዬ ጨመርኩ።

ግን የታዘብኩትን ልደብቅሽ አልፈልግም። እነዚያ በር የሚያህሉ ሰዎች ሊደፍቁት ሲመጡ ልጅሽ አያያቸውም። እነሱን አልፎ ሩቅ ነው የሚያየው። እንደዚህ ያለ ዐይን በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ሁለት ልጅ ላይ ነው ያየሁት። አንዱ ብሔራዊ ቡድን ገባ፤ ሌላው ሥጋ ቤት ከፈተ። ዐይን ብቻውን ዋስትና አይሆንም ማለቴ ነው።

ሕጉን ጻፊልኝ። ሳያውቁ መፍረድ ነውር ነው፣ እኔም ገና አንዴ አይቼ ብዙ ፈረድኩ። ቪዲዮውም ነጥብ የተገኘበትን ብቻ ሳይሆን መሃል መሃሉን ይጨምር። የልጅ ጠባይ የሚታወቀው መሃል ላይ ነው።

ፈጣሪ በያላችሁበት ይጠብቃችሁ።

ከተማ


ኮሎምበስ፣ ኦክቶበር 12፣ 2021

ይድረስ ለጋሼ ከተማ፤

ከወዲህ ሁላችን እጅ ነስተናል። ዕድሜና ጤና አይጉደልብዎት።

ደብዳቤዎን ለሉሉ ባነብላት ከወንበር ወድቃ ነው የሳቀችው። "ሂ ጌቭ ሂም ኤ ፎር?" እያለች። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፣ እኔም በሚገባኝ ላስረዳዎት። ወደ ውጭ መወርወሩ ማባከን አይደለም። ከነኳሱ ከጣሉት ቡድኑ የያዘውን ቦታ ያጣል፣ ወደ ተቃራኒ እጅ ከወረወረም የባሰ ነው፤ ስለዚህ አውቆ ነው ውጭ የሚጥላት። ወደ ኋላ የሚሄደውም ፈርቶ ሳይሆን ጊዜ ለማግኘት ነው። ያ አጭሩ ልጅ ደግሞ ይዞ መሮጥ ሥራው ነው። ሳያውቁ ልጄን ውሃ ሊያስቀዱት ነበር!

ግን ጋሼ፣ ውጤቱ ደስ አይልም። በተከታታይ ተሸነፉ። ቦታውን ያገኘ ሰሞን አብረውት ፎቶ ለመነሳት የተጋፉት ሰዎች አሁን "እኔ እኮ ድሮም ብያለሁ" ይላሉ። ሐምራዊት ከካሸሯ በላይ ሰቅላው የነበረው ፎቶው ወደ ሽንት ቤቱ መተላለፊያ ተዛውሯል። "ቀለም ልቀባ ነው" አለችኝ። ቀለሙን እስካሁን አላየሁትም።

ያለፈው እሑድ ክፉኛ መቱት፤ ትንሽ ተኝቶ ቆይቶ ነው የተነሳው አሉ። እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ማታ ኮል አደረገኝ፣ "ማም፣ አይም ፋይን" አለ። እሱ ሁሌ ፋይን ነው። ጥርሱ ሲወልቅም ፋይን ነበር።

ጋሼ፣ እርስዎ አሰልጣኙ ቢሆኑ አሁን አያስቀምጡትም ነበር? ለራሱ ሲሉ፣ ልጁ ይረፍ ብለው? ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቢተወውም ማስተርሱን መማር ይችላል። እንደዚያ የሚያስቡ ከሆነ ይጻፉልኝና አነብለታለሁ። የእኔን አይሰማም፣ የእርስዎን ግን ያከብራል። አሰልጣኝ ሲባል ይሰማል።

ልጅዎ እናናዬ


ድሬዳዋ
ኅዳር 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእናናዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ለጎሳዬ ንገሪልኝ፣ ድምፁን ይቆጥብ፤ ገና ብዙ የሚጮህበት አለ።

የዘገየሁት አውቄ ነው። ባለፈው በችኮላ ፈርጄ በአንዲት ተማሪ ተሳቀብኝ። ስለዚህ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ አየሁ፣ አስደግሜም አየሁ። አሁን ሰኞ ሰኞ ማታ ኑረዲን ቤት መቀመጫ አይገኝም። ጎማ የሚነፋው ልጅ ሳይቀር "ቶሎ ይልቀቃት እንጂ!" እያለ ይጮሃል። ሕጉን የሚያስረዳው ማን መሰለሽ? እኔ። አንዱ "ለምን ወደ ውጭ ወረወራት?" ሲለኝ "ዝም በል፣ አታውቅም" አልኩት። ትንሽ እንኳ አላፈርኩም።

ግምገማዬን ስሚ። መስከረም ላይ ልጅሽ የመጀመሪያው ሰው ሲጠጋው ይሮጥ ነበር። ዐይኑ ደፋር ነው፣ እግሩ ግን ፈሪ ነበር። አሁን እግሩ ተረጋግቷል። ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ይላል፣ ያ በር የሚያህለው ሰውዬ ባዶ አየር አቅፎ ያልፋል። ሊወረውርለት የመጀመሪያውን ጓደኛውን ያያል፣ ካልሆነ ሁለተኛውን፣ ካልሆነ ሦስተኛውን። አምና አንዱን ካጣ ግራ ይገባው ነበር ብላ ሉሉ ጽፋልናለች፤ አሁን ግን ግራ አይገባውም። ኳስ ሲነጠቅም እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሌላውን አይቆጣም፣ ራሱ ነው ሮጦ የሚይዘው። ይሄን ማንም አያስተምርም፣ ከቤት ይመጣል።

ጉድለት አለው። ያንን ኳስ የሚቀበለውን ረጅሙን ልጅ ከልክ በላይ ያምነዋል፤ ሁለት ሰው ከቦት እያየ ይወረውርለታል። ሲደክመው ውርወራው ከፍ ይላል። ከሁሉም በላይ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ይቸኩላል። የዕድሜ ነገር ነው፣ ይለቀዋል።

አላስቀምጠውም፣ እናናዬ። ጠይቀሽኛልና ነው የምመልሰው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲሳሳት ቢውልም አይወጣም፤ እየተሳሳተ ነው የሚማረው። ሰባት ሰጥቼዋለሁ። ዝምድና የለበትም።

ደግሞ የምሥራች ልንገርሽ። ተስዬለታለሁ! ለቁልቢ ገብርኤል። "ይሄን ልጅ ዓመቱን በሜዳ ላይ አስጨርሰው፣ አለቆቹም ለከርሞ ያጽኑት፣ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ" ብዬ። ለታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ እሄዳለሁ፣ ደጁን ስሜ እመለሳለሁ። ስለቱን ሲሰምር አስገባለሁ። ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ።

ለኑረዲን አንድ ማልያ ላኪለት። የቢሩክን ቁጥር ነው የሚፈልገው፤ ሌላ ቁጥር ከሆነ አይለብስም።

ከተማ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 24

እናናዬ፣ ምነው ጠፋሽ? ሉሉም ቪዲዮ መላክ አቆመች። ኑረዲን ቤት ሰው እየመጣ ይመለሳል። ልጁ ደህና ነው? አጥፍቼም እንደሆነ ንገሪኝ። ሽማግሌ ሰው ዝም ሲሉት ክፉ ክፉውን ያስባል። ማልያውን ተዪው፣ ደህንነታችሁን ብቻ ላኪልኝ።

ከተማ


ኮሎምበስ፣ ዲሴምበር 8፣ 2021

ይድረስ ለጋሼ ከተማ፤

እግዚአብሔር ሰላምዎን ያብዛልዎት። ስላስጨነቅሁዎት ይቅር ይበሉኝ። መጀመሪያ ተቀይሜ ነው ዝም ያልኩት፤ በኋላ ደግሞ አፍሬ።

ምን አደረጉኝ ጋሼ! ለቁልቢ ገብርኤል ተሳሉ? ለእሱው? እኔ እኮ ሐምሌ ላይ ለዚያው ለቁልቢ ገብርኤል ተስያለሁ! "ልጄን ከዚህ ጨዋታ በጤና አውጣልኝ፣ አለቆቹ ይበቃሃል ብለው ይልቀቁት፣ ጃንጥላ አስገባለሁ" ብዬ። አሁን እርስዎ እደጁ ድረስ ሄደው "እንዳይለቁት" ሊሉብኝ ነው። እኔ ባሕር ማዶ ሆኜ፣ እርስዎ ከበሩ ሥር ሆነው! መላኩ ማንን ይስማ?

ለማንም አልተናገርኩም፣ ለጎሳዬም። ለእርስዎ የጻፍኩትም ለዚሁ ነበር። እርስዎ አይሆንም ይላሉ፣ እኔ አነብለታለሁ፣ እሱም ወደ ትምህርቱ ይመለሳል ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ሰባት ሰጡት።

ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። አምና ሥራ ላይ ሳለሁ ኢመርጀንሲ አንድ የሃይስኩል ልጅ አመጡ፣ ከነማልያው፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ። እኔ ኮሪደሩን እያጸዳሁ ነበር። እናቱ እጁን ይዛ "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" ትለዋለች፤ እሱ "ማነሽ?" ይላታል። በኋላ ድኖ ወጣ አሉ፣ ተመስገን። "ማነሽ?" ያላት ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ኳሱ ቢሩክ እጅ በገባ ቁጥር የምሰማው እሱን ነው።

ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ቢሩክ ትከሻውን ተጎዳ፣ ሐኪሙም አስቀመጠው። ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ያውቃሉ? ደስ አለኝ። ልጄ ተጎድቶ ደስ አለኝ፣ ጋሼ። ገብርኤል ሰማኝ አልኩ። ቆይቼ ነው የደነገጥኩት። ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ከሥራ ኦፍ ወስጄ፣ የጾም ምግብ ሠርቼ፣ ከጎሳዬ ጋር ሄድን፤ ከእኛ በመኪና ሦስት ሰዓት ነው። ሶፋ ላይ ክንዱን አንጠልጥሎ የራሱን ጨዋታ አይፓድ ላይ እየደጋገመ ያያል። "ማም፣ ሪመምበር ዚስ ዋን?" አለኝ አንድ ውርወራ እያሳየኝ። ይቺን ታስታውሻለሽ ማለቱ ነው። አላየሁማ። ያመጣሁትን ምግብ መፍታት ጀመርኩ። እሱም አይፓዱን ዘጋና ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። ያመጣሁትን ምስር በላ፣ ጥሩ ነው አለ። እያወቀ ነው ጋሼ። ሲጫወት አይቼው እንደማላውቅ ያውቃል፣ ግን አንድ ቀን አላነሳብኝም። ስመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ጎሳዬ በማላውቀው ነገር አልገባም ብሎ ሬዲዮ ከፈተ።

በዚህ ሳምንት ወደ ሜዳ ይመለሳል። አሁን ምን ይሻላል? ስለት ይሻራል? እርስዎ ይሽሩ ወይስ እኔ?

እናናዬ


ድሬዳዋ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለእናናዬ፤

የቁልቢው ገብርኤል ይከተልሽ፤ ትናንት ደጁ ቆሜ ስምሽን ጠርቻለሁ።

መጀመሪያ ልቆጣሽ። እኔን ምስክር አድርገሽ በልጅሽ ላይ ልታስፈርጂኝ ነበር? እኔ ለዳኛ እንኳ ያላጎበደድኩ ሰው! ተቀይሜሻለሁ፤ ደብዳቤሽን ካነበብኩበት ጥዋት እስከ ምሳ ድረስ ተቀይሜሻለሁ። ከዚያ ያንን ሆስፒታል የመጣውን ልጅ አሰብኩና ቅያሜው ለቀቀኝ። ፍርሃትሽ ልክ ነው። ምንም አይሆንም ብዬ አልሸነግልሽም። እኔም ጉልበታቸው ተሰብሮ በትከሻዬ ተሸክሜ ያወጣኋቸው ልጆች አሉ። የእናቶቻቸውን ፊት አልረሳም።

ቁልቢ ከሕዝቡ ብዛት መሬት አይታይም ነበር። ከመኪና ወርጄ ዳገቱን ቀስ እያልኩ ስወጣ ማንን አገኘሁ መሰለሽ? ገብረኪዳንን! የባቡሩን ቡድን ያሰለጥን የነበረውን፣ ስንት ዓመት ስንናቆር የኖርነውን። እሱም ምርኩዝ ይዟል። የአንቺንና የእኔን ስለት ነግሬው ምን ቢል ጥሩ ነው? "አንተ፣ እኔና አንተ እኮ በየዓመቱ ለዚሁ ለገብርኤል ስንሳል ነው የኖርነው! እኔ አንተን ልጥልህ፣ አንተ እኔን!" እውነቱን ነው። እሱ ያሸነፈ ዓመት እሱ ስለቱን ያስገባል፣ እኔ ያሸነፍኩ ዓመት እኔ አስገባለሁ። የተሸነፈውም ለከርሞ ተመልሶ ይሳላል። መላኩ ሁለታችንንም አላባረረንም። መንገድ ዳር ቁጭ ብለን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን፣ መንገደኛው አበዱ ብሎ አየን።

ስለዚህ እኔ አልሻርኩም። አንቺንም ሻሪ አልልሽም። ሁለት ሻማ አበራሁ፣ አንድ ያንቺን፣ አንድ የእኔን። ከዚያ በኋላ ያለው የእሱ ሥራ ነው።

ከእንግዲህ ግን ግምገማ አልጽፍልሽም፣ በቃኝ። እኔ ከድሬዳዋ፣ ጎማ ቤት ተቀምጬ፣ በሰው ቲቪ የልጅሽን እግር አውቄልሻለሁ። አንቺ ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ሆነሽ አታውቂውም። አታፍሪም? ልጅ ዓመቱን ሙሉ የሚጫወተው ለአለቃ ብቻ ይመስልሻል? የመጨረሻው ጨዋታ ከገና በኋላ ነው ብላ ሉሉ ጽፋለች። ሂጂ። ስታዲየም ግቢና ዐይንሽን ገልጠሽ እይው። ያየሽውንም ጻፊልኝ። አሁን ግምገማ የምጠይቅሽ እኔ ነኝ።

ከተማ


ኮሎምበስ፣ ጃንዋሪ 11፣ 2022

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎ ለጋሼ ከተማ፤

ልደቱን በሰላም ያሳየዎት አምላክ ጥምቀቱንም ያሳይዎት። ያሉኝን አድርጌያለሁ፤ ሥራዬን ላስረክብ።

ዓርብ ገናን አከበርን፣ ቅዳሜ ተነሳን። ጎሳዬ "ትገቢያለሽ ወይስ መኪና ውስጥ ትቀመጫለሽ?" ሲለኝ "እገባለሁ" አልኩት። ነገሩን አላመነም፣ ትኬት ሲቆርጥ ሁለቴ ጠየቀኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጃኬቴ ላይ ጋቢ ደርቤ ገባሁ። አጠገቤ ፊቷን በቡድኑ ቀለም የተቀባች አሮጊት አሜሪካዊት ነበረች፤ ስትንቀጠቀጥ አላስችል ብሎኝ የጋቢውን ጫፍ አለበስኳት። "ወርዋሪው ልጄ ነው" ብላት አላመነችኝም። ጎሳዬ ስልክ ላይ ከልጄ ጋር ያለንበትን ፎቶ ስታይ ጮኸች፣ አቀፈችኝ፣ ቀለሟም ጋቢዬ ላይ ቀረ።

ግምገማዬ ይኸው። ልጄ ይናገራል፣ ጋሼ! ቤት ውስጥ በስንት ልመና አንድ ቃል የሚወጣው ልጅ እዚያ አሥሩን ግዙፍ ሰዎች ሰብስቦ ይናገራል፣ እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ያ ረጅሙ ልጅ ደረቱ ላይ የደረሰችለትን ኳስ ጣላት፤ ሰው ሁሉ ሰደበው። ቢሩክ ሄዶ አናቱን መታ መታ አደረገለትና ወዲያው እንደገና ለእሱ ወረወረ። ያዛት። እርስዎ ከልክ በላይ ያምነዋል ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ግን እዚህ ላይ አልስማማም፤ ማመኑን ወደድኩለት።

ዐይኔን አልጨፈንኩም። ሲመቱትም። የመታው ልጅ ከጎኑ ነው የመጣው፣ እሱ አላየውም፣ እኔ አየሁት። ወደቀ። አሮጊቷ እጄን ያዘችኝ። "ማነሽ?" የሚለው ድምፅ መጣብኝ፣ ቢሆንም አየሁ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፣ አንዱ ስቦ አነሳው፣ ትልቁ ስክሪን ላይ ፊቱን አሳዩት። እየሳቀ ነበር! ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከጣለው ልጅ ጋር እየተሳሳቀ። ልጄን እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት ፍራንክሊንተን የሚባለው ሰፈር ስንኖር፣ ገና ሕፃን ሳለ ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እኔ ከዚህ ሁሉ ደስታ ላወጣው ነበር የምለምነው።

ፍርሃቴ ለቀቀኝ አልልዎትም። አለ። ግን አሁን ብቻዬን አልፈራም፤ እያየሁት እፈራለሁ።

ተሸነፉ። በትንሽ ነው፣ ግን ተሸነፉ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንዷን ለተቃራኒው እጅ ሰጣት።

ከጨዋታው በኋላ ቤተሰብ በሚጠብቅበት በር ወጣ፤ ጸጉሩ እርጥብ ነው፣ ብርድ ይመታዋል አልኩ። እኔን ሲያይ ቆመ። "ዩ ሶው ኢት? ኦል ኦፍ ኢት?" አለኝ። "ሁሉንም" አልኩት። እሱ ሁሌ በእንግሊዝኛ የሚመልስልኝ ልጅ፣ በአማርኛ "እንዴት ነበርኩ?" አለኝ፣ እንደ ተማሪ ቆሞ። አባቱ "ግሩም ነበርክ" ሊል አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። "መጨረሻ ላይ ቸኮልክ" አልኩት።

ጋሼ፣ እንዴት እንደሳቀ ቢያዩት! አቅፎኝ ከመሬት አነሳኝ። "ሺ ሶው ኢት! ሺ ሶው ኢት!" እያለ ለጓደኞቹ ይጮሃል። ልጅ ስህተቱን ስለነገሩት እንዲህ ይደሰታል? ራት ላይ ስለቴን ነገርኩት፣ እንዲባረር መለመኔን። ሹካውን አስቀመጠና "ኤንድ? ምን አለሽ ገብርኤል?" አለኝ። "እስካሁን መልስ የለውም" አልኩት።

መልሱ ትናንት መጣ። ዋናው አሰልጣኝ ጋዜጠኞቹ ፊት ቀርቦ ለከርሞም ወርዋሪያችን ቢሩክ ነው አለ። ጎሳዬ ድምፁ ዳግም ተዘግቷል። ሐምራዊት ፎቶውን መልሳ ከካሸሯ በላይ ሰቀለችው፤ ቀለሙ ደረቀ አለችኝ። የኑረዲንም ማልያ ተልኳል፣ ቁጥሩ የቢሩክ ነው።

እንግዲህ የእርስዎ ስለት ሰመረ፣ የእኔ አልሰመረም። አንድ ነገር ልለምንዎት። ለሐምሌው ገብርኤል ሲሄዱ ሁለት ጃንጥላ ያስገቡ፤ አንዱ እርስዎን ስለሰማዎት፣ አንዱ እኔን ስላልሰማኝ።

ልጅዎ
እናናዬ